ደንገልና ሳንቃ
በዝዋይ ሐይቅ የጀልባ ሥራና የማጉበጥ ጥበብ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው አውራ ጎዳና፣ የዛሬዋን ባቱን የቀድሞዋን ዝዋይ ከለቀቀ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ቡልቡላ ይደርሳል። መንገደኛው ከተማይቱን የሚያውቃት በአብዛኛው በአላፊነት ነው፤ ስሟን ያገኘችበትን ወንዝ ቆም ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ወንዝ በስምጥ ሸለቆው የውሃ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አለው። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚገባውን ውሃ የሚያጠራቅመው የዝዋይ ሐይቅ፣ ትርፉን ወደ አቢጃታ የሚያፈስበት መውጫ ይኸው የቡልቡላ ወንዝ ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ በተካሄዱ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮዎች ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ደግሞ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ በአንድ የሙላት ዘመን አንድ ሰፊ ባሕር ሆነው ትርፋቸው በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሰውና ሐይቅ ጎረቤት ከሆኑ ረጅም ዘመን አልፏል ማለት ነው።

ጉርብትናው እንዲህ ረጅም ከሆነ፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ሲቀዘፍ የኖረው ጀልባ ለምን የሳንቃ ጀልባ አልሆነም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የሚታየው የአርሲ ተራራ ዝግባና ጥድ የበዛበት ነበር፤ አናጢም ጠፍቶ አያውቅም፤ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት፣ መንበርና ሣጥን ሲሠሩ የኖሩ እጆች ነበሩ። ሆኖም የዝዋይ ደሴቶች ነዋሪዎች የሆኑት የዛይ ሕዝቦች ለዘመናት የተጓጓዙት ከሐይቁ ዳር በሚበቅለው ደንገል በታሰረ ጀልባ ነው። ይህን ያዩ አንዳንድ ጸሐፊዎች ነገሩን በዕውቀት ማነስ አሳብበው ያልፉታል። ፍርዱ ግን የችኮላ ፍርድ ነው። የእንጨትን ጠባይ፣ በተለይም የማጉበጥን ሥራ ጠንቅቆ የተመለከተ ሰው፣ ደንገሉ የተመረጠው በሚገባ ታስቦበት መሆኑን ይረዳል።

ጀልባ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ጉብጠት ነው። ውሃን ሰንጥቆ የሚያልፍ አካል ፊቱ ጠበብ፣ መካከሉ ሰፋ፣ ጫፉ ቀና ማለት አለበት፤ ዛፍ ግን ቀጥ ብሎ ያድጋል። በዓለም ላይ ያሉ ጀልባ ሠሪዎች ይህን ችግር ለመፍታት ብዙ መንገድ ሞክረዋል። በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ላይ አኙዋኮች እንደሚያደርጉት አንድ ግንድ ፈልፍሎ ቅርጹን ከውስጡ ማውጣት አንዱ ነው። ሳንቃ ሰንጥቆ በጎድን አጥንቶች ዙሪያ ማጉበጥ ሌላው ነው። ሦስተኛው፣ በጣናና በዝዋይ የሚታየው፣ በባሕርዩ እሺ ባይ የሆነውን ተክል አስሮ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ከነዚህ ሁሉ ብዙ መሣሪያ፣ ብዙ ትዕግሥትና ብዙ እሳት የሚጠይቀው ሁለተኛው ነው።

ሳንቃ ሲጎብጥ ምን ይሆናል? የውጭው ገጽ ይሳባል፤ የውስጡ ገጽ ይታመቃል። ደረቅ እንጨት ሳይሰበር የሚሳበው ከርዝመቱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ቀላል ስሌት ይገኛል፤ ይኸውም ሳንቃው ሊጎብጥ የሚችልበት የክብ ሬዲየስ ከውፍረቱ ሃምሳ እጥፍ ሊያንስ አይችልም። ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ጣውላ በደረቁ ቢጎብጥ 1 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሲያስገድዱት ይሰነጠቃል። ውፍረቱ በእጥፍ ቢያድግ ሬዲየሱም በእጥፍ ያድጋል። ትንሽ ጀልባ ለመሥራት ለሚነሣ ሰው ይህ ሕግ ጨካኝ ነው፤ የትንሽ ጀልባ ፊት የሚፈልገው ጉብጠት ከዚህ የጠበቀ ነውና።

ሕጉን የሚያላላው እርጥበት ያለበት ሙቀት ነው። የእንጨትን ክሮች እርስ በርስ አጣብቆ የያዘው ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር በእንፋሎት ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና ይጠነክራል። መርከብ ሠሪዎች ሳንቃውን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አግብተው ለእያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ይቀቅሉታል፤ ካወጡት በኋላ ግን ጊዜ የላቸውም፤ በደቂቃዎች ውስጥ በቦታው አጉብጠው በሞርሳ ሊያስሩት ይገባል። እንዲህ የተቀቀለ ጥሩ እንጨት በመታመቅ በኩል ከመቶ ሃያና ከዚያም በላይ ይታገሣል፤ በመሳብ በኩል ግን ከመቶ ሁለት እጅ ብዙም አያልፍም። የሥራው ምሥጢር ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። በቪየና ይሠራ የነበረው የጀርመን ተወላጅ ሚካኤል ቶኔት (እ.ኤ.አ. 1796–1871) በእንጨቱ የውጭ ገጽ ላይ የብረት ዝርግ አስሮ መሳቡን ሲከለክል፣ ጉብጠቱ ሁሉ በመታመቅ እንዲገኝ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣችው ባለ 14 ቁጥር ወንበሩ በዚህ ዘዴ ተሠርታ ዓለምን አዳረሰች። በቡና ቤት ውስጥ ጀርባዋ ክብ በሆነች የእንጨት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚህን ጥበብ ፍሬ ደገፍ ብሏል።

ይህ ሁሉ በትንሹ መጠን ቁልጭ ብሎ የሚታየው በመርከብ ሞዴል ሥራ ላይ ነው። አንድ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመርከብ ሳንቃ በሃምሳ እጅ ሲያንስ 1 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በደረቁም እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ድረስ ይጎብጣል፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በጋለ ብረት ላይ ሲዳመጥ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይታዘዛል። ነገር ግን ሞዴል ሠሪው ሳንቃውን በስፋቱ አቅጣጫ፣ ማለትም በጠርዙ በኩል፣ ለማጉበጥ ሲሞክር ትልቁ መርከብ ሠሪ የሚገጥመው ችግር ይገጥመዋል፤ ሳንቃው ይጠመዘዛል ወይም ይጨማደዳል። መፍትሔውም ያው ነው፤ ሳንቃውን ወደ ጫፎቹ እያጠበቡ መላግና ጉብጠቱን ከልኩ ላይ ማግኘት። የጀማሪ ሞዴል ሠሪ ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ጥፋቱም የእንጨቱ ሳይሆን የመላጊያው ነው።

ወደ አገራችን ሲመለሱ፣ እንጨትን በእሳትና በእርጥበት መግራት ለኢትዮጵያዊ ባለ እጅ እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ግልጽ ነው። የጦር ሶማያ በእሳት እየተሞቀ ይቃናል፤ ይህ ማጉበጥ ተገልብጦ ሲሠራ ነው። የከዘራ እጀታና የመሲንቆ ደጋን የሚጎብጡት በዚያው ዕውቀት ነው። ገበሬውም ለዕርፍ የሚሆን እንጨት ከዱር ሲመርጥ ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችለትን ይፈልጋል፤ የአውሮፓ መርከብ ሠሪዎችም ለመርከብ ጎድን የሚሆነውን ጎባጣ የኦክ ቅርንጫፍ በየጫካው ሲያስሱ ኖረዋል። ሁለቱም ባለሙያዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ የእንጨቱ ክር ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ከሄደ አይሰበርም።

የሳንቃ መርከብም ቢሆን ከአገሪቱ ታሪክ ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዎስ፣ በቀይ ባሕር ስለሚጓዙት የሕንድና የአካባቢው መርከቦች ሲተርክ፣ ሳንቃዎቻቸው በብረት ምስማር እንደማይመቱና እርስ በርስ በገመድ እንደሚሰፉ ይናገራል። ነገሩ የአክሱም ነገሥታት በአዱሊስ ወደባቸው አማካይነት ከሕንድና ከዓረብ ጋር በሚነግዱበት፣ ንጉሥ ካሌብም ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን በዘመተበት ዘመን ነው። ሰዎች መርከቦቹ ብረት የሌላቸው በባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ዐለት ስላለ ነው እያሉ ያወሩ ነበር። ፕሮኮፒዎስ ይህን ተረት አይቀበለውም፤ ብረት የተመታባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ምንም ሳይሆኑ ይመላለሳሉና። ምክንያቱ፣ ይላል፣ ብረቱና ሌላው ለመርከብ የሚያስፈልገው ነገር ስለሌላቸው ነው። በስፌት የሚያያዝ ሳንቃ ደግሞ አንድ በጎ ጠባይ አለው፤ ማዕበል ሲመታው ጥቂት ይላወሳል፤ ሳይሰነጠቅ ይመለሳል። ገመድ የሚሠራውን ሥራ ከገመድ ጋር ያልኖረ አናጢ አይገምተውም።

ይህ የባሕር ጠረፍ ዕውቀት ወደ መካከለኛው አገር ሐይቆች አልወጣም። ለዚህም አንድ ቁሳዊ ምክንያት አለ፤ እርሱም መጋዝ ነው። ግንድን እየሰነጠቀ ስስ ጣውላ የሚያወጣ ረጅም መጋዝ በስፋት ከመታወቁ በፊት፣ ሳንቃ የሚገኘው ግንዱን በሽብልቅ ሰንጥቆ በመጥረቢያ በመጥረብ ነበር። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት የሚታዩት ከአንድ ወጥ ጥርብ የተሠሩ በሮች ለዚህ ሥራ ምስክሮች ናቸው፤ ግሩም ሥራዎች ናቸው፤ ግን ወፍራሞች ናቸው። አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርብ ሳንቃ ከላይ በተመለከተው ስሌት መሠረት በሁለት ሜትር ተኩል ሬዲየስ ላይ ይቆማል። አንድ ዓሣ አጥማጅና ሁለት ፍየል የሚያሻግር ጀልባ በዚህ ጉብጠት አይሠራም። በመጥረቢያ እስኪሳሳ ድረስ እንጥረበው ቢባል ደግሞ የግንዱ አብዛኛው እጅ ፍላጭ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ከአርሲ ደጋ እስከ ሐይቁ ድረስ የሚጎተተውን ግንድ፣ ከሐይቁ ዳርም እስከ ደሴቱ የሚሻገረውን ጭነት ማሰብ ያስፈልጋል። ከቅርብ የሚገኘው የቆላ ግራር ጠማማና ቋጠሮ የበዛበት ነው፤ ለከሰልና ለአጥር እንጂ ለሳንቃ አይሆንም።

ሐይቁም ራሱ የሳንቃ መርከብ የሚጠይቅ ሐይቅ አይደለም። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ተዘርግቶ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 9 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው በደንገል፣ በፊላና ክብደት በሌለው የውሃ ዳር ቁጥቋጦ የታጠረ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ የሚፈለገው በጥቂት ጣት ጥልቀት ላይ የሚንሳፈፍ፣ በደንገሉ መካከል ሳይጣበቅ የሚያልፍ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ወደ ደረቅ የሚያወጣው ነገር ነው።

ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ የሚባሉት አምስቱ ደሴቶች በዚህ ጀልባ ተያይዘው ኖረዋል። የዛይ ሕዝብ ቋንቋ ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን በቱሉ ጉዶ ደሴት ተጠብቃ ቆይታለች፤ በግራኝ ጦርነት ጊዜም መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደነዚህ ደሴቶች ሸሽተዋል። ትውፊትን በትውፊትነቱ መውሰድ ይገባል። ሆኖም በደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው መገኘታቸው በዐይን የታየ ነገር ነው፤ ወደዚያ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ስላልነበረ የተሻገሩት በደንገል ጀልባ መሆኑን ለመገመት አያዳግትም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደሴቶቹ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከተጠቃለሉና በዳርቻው የነበረው ሥጋት ከረገበ በኋላ ብዙዎቹ ዛዮች ወደ የብስ ወጥተው ሰፈሩ። ከዚያ በፊት ግን እህልም፣ ሙሽራም፣ አስከሬንም የሚሻገረው በዚህ ጀልባ ነበር።

የደንገል ጀልባ ሥራ በጣና ከሚታወቀው ታንኳ ጋር መሠረቱ አንድ ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ያለው፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነ፣ ውጩ በጠንካራ አረንጓዴ ልጣጭ የተሸፈነ ነው። ይታጨዳል፤ ይጠወልጋል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ሆኖ በልጥ ይታሰራል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጋድመው ወለሉን ይሠራሉ፤ በዳርና ዳር የሚጨመሩት ከንፈሩን ይሠራሉ፤ የፊቱ ጫፍ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ተመልካች እንደ ቀላል የሚያየው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ለመሐንዲስ ግን ትምህርት የሚሆነው እርሱ ነው።

ዐርባ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነዶ ወጥ እንጨት ቢሆን ኖሮ፣ ለመጉበጥ ሃያ ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ በፈለገ ነበር። ነዶው ግን ወጥ አይደለም። እያንዳንዱ አገዳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ማሰሪያው ገና ሳይጠብቅ ጫፉ ሲቀና አገዳዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ እያንዳንዱም ለብቻው በራሱ ቅጥነት ልክ ይጎብጣል። ሃያ ሜትሩ ወደ አንድ ሜትር ይወርዳል። ጉብጠቱ ከተገኘ በኋላ ልጡ ሲጠብቅ መንሸራተቱ ይቆማል፤ የተለያዩት አገዳዎች እንደ አንድ አካል ሆነው ቅርጻቸውን ይይዛሉ። በውሃ ላይም ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ማሰሪያውን ይብሱን ያጠብቀዋል። የዘመናችን ሠራተኞች ስስ ጣውላዎችን በሙጫ እየደራረቡ በቅርጽ ላይ አጉብጠው የሚሠሩት የጣሪያ ቅስት ከዚህ የተለየ ሐሳብ የለውም፤ በእርጥብነቱ ይንሸራተታል፤ ሙጫው ሲደርቅ ይቆማል። የዝዋይ ጀልባ ሠሪ በሙጫ ፋንታ ልጥ፣ በሞርሳ ፋንታ ጉልበቱን ተጠቀመ። እንጨትን በእንፋሎት አሸንፎ ከማጉበጥ ይልቅ መጉበጥ የሚወደውን ተክል መረጠ ማለት ነው።

ይህ ማለት ጀልባው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ዕድሜው አጭር ነው፤ በጣና ታንኳ የሚቆየው በወራት እንጂ በዓመታት አይቆጠርም። ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ ፀሐይ ካልመታው ይበሰብሳል። ሲያረጅ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ማሰሪያው ሲላላ መንሸራተቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ጫፎቹ ይወድቃሉ። በሌላ በኩል ግን እንደ ሳንቃ ጀልባ ውሃ ሞልቶት አይሰምጥም፤ የሚንሳፈፈው በራሱ አካል እንጂ በውስጡ ባለው ባዶ ቦታ አይደለምና።

የደንገል ጀልባን አቅም ለመፈተን ከተነሡት ሁለቱን ማንሳት ይበቃል። የመጀመሪያው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጻፈው የምርኮ ትዝታ እንደሚገኘው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. ገደማ በጣና ዳርቻ ሳሉ በእንፋሎት የሚሄዱትን የአውሮፓ መርከቦች ወሬ መነሻ አድርገው፣ ከደንገል ትልልቅ ጀልባዎች አሳስረው የእንጨት ወለል አስነጠፉባቸው፤ በጎንና በጎናቸውም በእጅ የሚዞሩ መንኩራኩሮች አስገጠሙ። ስለዚህ ሙከራ የሚጽፉ ብዙዎች በመንኩራኩሩ ሲደነቁ ወይም ሲሥቁ፣ ዋናውን ነገር ይዘሉታል። አውሮፓውያን ሠራተኞች በእጃቸው ነበሩ፤ መድፍ ለማስቀለጥ የቆረጡ ንጉሥም ነበሩ፤ ሆኖም የጀልባው አካል ከደንገል እንዲሆን ተደረገ። እንጨቱ የተነጠፈው ጉብጠት በማያስፈልግበት በወለሉ ላይ ብቻ ነው። ይህ ጥሩ የምሕንድስና ፍርድ ነው።

ሁለተኛው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ግብፅ ውስጥ ለዚህ የሚበቃ ደንገል ስላልነበረ ከጣና ሐይቅ አስጨደ። ከጣና የተጫነው ደንገል በፒራሚዶቹ አጠገብ በቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች እጅ ታሰረ፤ «ራ» የተባለው መርከብም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣ። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባርባዶስ ሳይደርስ ተተወ። የጥፋቱ ዋና ምክንያት ማሰላሰል የሚገባው ነው። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ተቆልምሞ የሚታየውን የኋላ ጫፍ ከመርከቡ ወለል ጋር የሚያያይዝ አንድ ገመድ አለ። የቻድ ሠራተኞች በራሳቸው ሐይቅ ጀልባ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስላላዩ ጥቅሙ አልታያቸውም፤ ገመዱ ለጌጥ የሚመስል ነበርና በሚገባው ቦታ አልዋለም። ባሕሩ ላይ የኋላው ጫፍ ቀስ በቀስ ወደቀ፤ ውሃ ገባ፤ ማሰሪያዎች ተበጠሱ። በሚቀጥለው ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ አይማሮች ዳግመኛ ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል አጠር ያለ «ራ ሁለት» ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ነበር። የተለየው የአስተሳሰሩ ዕውቀት ነው።

የሳንቃ ጀልባ ወደ ሐይቆቻችን በብዛት የመጣው በኋለኛው ዘመን ከዓሣ ሀብት ልማት ጋር ነው። በጣና እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ትብብር ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ ገቡ። በዝዋይና በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ሳንቃው ደንገሉን እየተካ ሄደ። ጥቅሙ አይካድም፤ ብዙ ዓሣና ብዙ መረብ ይጭናል፤ ሞተር ይሸከማል፤ በጥገና ዓመታት ይቆያል። አሁን በየሐይቁ ዳር የሚታየውን የሳንቃ ጀልባ ልብ ብሎ የተመለከተ ባለሙያ ግን አንድ ነገር ያስተውላል። ታቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎኖቹ ቀጥ ካሉ ጣውላዎች ተገጥመው ፊቱ ላይ ብቻ በመጠኑ ይጠበባሉ፤ ወለሉና ጎኑ በስል ማዕዘን ይገናኛሉ። በአጭሩ ማጉበጡ ቀርቷል። ከባሕር ዛፍ ወይም ከፈረንጅ ጥድ በመጋዝ የተሰነጠቀውን ጣውላ ማንም የቤት አናጢ በምስማርና በቅጥራን ሊገጥመው እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ለጥልቀት የለሽ ሐይቅ ጠፍጣፋ ወለል ትክክለኛ ነው፤ የደንገሉም ጀልባ ወለሉ ጠፍጣፋ ነበር። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ለማጉበጥ መልስ የነበረው የቆየ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሥራ ሲፈታ፣ በምትኩ የእንፋሎት ሣጥንም፣ ስስ ሳንቃን ደራርቦ የማጣበቅ ጥበብም ወደ ሐይቁ ዳር አልመጣም። አሮጌው ሄደ፤ አዲሱ ከነሙሉ ዕውቀቱ አልደረሰም። በሁለቱ መካከል የቀረው ማዕዘን ያለው ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም ከልክ በላይ ሲጫን ወይም ማዕበል ሲገባበት እንደ ደንገሉ አይታገሥም።

ቁሱም አብሮ እየሸሸ ነው። በሐይቁ ዙሪያና በቡልቡላ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማው እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት ሲስፋፋ ከሐይቁም ከወንዙም የሚሳበው ውሃ በዝቷል፤ ወደ አቢጃታ የሚደርሰው ቀንሷል፤ የአቢጃታ ዳርቻ ወደ ውስጥ እጅግ መሸሹን በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ደንገል ሥሩ ውሃ ውስጥ ካልሆነ አይቆምም። ዳርቻው ሲታረስና ውሃው ሲሸሽ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለታሪክ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሞዴል ነው። በግብፅ በሉቅሶር አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1920 በተከፈተው የመከትሬ መቃብር ውስጥ፣ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተሠሩ ትናንሽ የጀልባ ሞዴሎች ተገኝተዋል፤ ከነዚህም መካከል ሁለት የደንገል ጀልባዎች በመካከላቸው መረብ ሲጎትቱ ይታያሉ። ትልልቆቹ የደንገል ጀልባዎች በስብሰው አፈር ሲሆኑ ትንሾቹ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 በታላቁ ፒራሚድ ሥር የተገኘውንና በ1,224 ቁርጥራጭ የነበረውን የኩፉን የዝግባ መርከብ መልሶ የገጠመው አሕመድ ዩሱፍም ሥራውን የጀመረው ከዘመኑ የአባይ ጀልባ ሠሪዎች ዘንድ ሄዶ በመማርና አነስተኛ ሞዴል በመሥራት ነው። መርከቡ እንደ ፕሮኮፒዎስ መርከቦች በገመድ የተሰፋ ነበርና፣ ገመዱ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፍ በእጁ ሳይሞክር በወረቀት ሊያውቀው አልቻለም።

በባሕር ዳር ለጎብኚዎች የሚሸጡት ትናንሽ ታንኳዎች ለዚህ ዓላማ ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ግን ከነሱ ሁሉን ነገር መማር አይቻልም። የሚያስቸግረው የመጠን ነገር ነው። የዝዋይን ጀልባ በአሥር እጅ አሳንሶ ለመሥራት ቢፈለግ 40 ሴንቲ ሜትር የነበረው ነዶ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ የሚገባው ሙሉ አገዳ ጥቂት ብቻ ነው። ጥቂት አገዳ ደግሞ እንደ ብዙው አይንሸራተትም፤ ሲቀና ይሰበራል፤ ሠሪውም ጫፉን በሙጫ ወይም በሽቦ አስገድዶ ያቆመዋል። እንዲህ ያለው ሞዴል መልክ እንጂ ሥራ አያሳይም። ስለዚህ አገዳው ሁለት ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ጭረቶች ከነልጣጩ መሰንጠቅ፣ ጭረቶቹ እርጥብ ሳሉ በላላ ማሰሪያ መታሰር፣ ጫፉ ከቀና በኋላ ከመካከል ወደ ዳር እያጠበቁ መሄድ ያስፈልጋል። ከተጠናቀቀም በኋላ በገንዳ ውሃ ላይ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሊንሳፈፍ ይገባዋል። ጫፉ መቼ መውደቅ እንደ ጀመረ፣ የትኛው ማሰሪያ አስቀድሞ እንደ ላላ የሚመዘገበው ያን ጊዜ ነው።